ለጥበቃ ሠራተኛ ቅጥር ፖሊግራፍ ይበጃል?

ጠያቂው የአንድ የጥበቃ ድርጅት የሰው ኃይል ኃላፊ ናቸው። ጠባቂዎቻቸው የሚመደቡት ጥሬ ገንዘብና ውድ ዕቃ በሚቀመጥባቸው ቦታዎች ነው። የጻፉት በአጭሩ ይህ ነው፦ «የፖሊግራፍ (የውሸት መመርመሪያ) ማሽን ልንገዛ ነው። ሻጩ ከ100 ጊዜ 95ቱን ትክክል ነው ይላል። በዓመት 400 ያህል አመልካች እናያለን፤ ለአንድ ሰው 20 ደቂቃ ይበቃል ብሎናል። ነባር ጠባቂዎችንም በየዓመቱ ልንመረምር አስበናል። ለሙከራ ስንጀምር ግን ስምንት ዓመት ያለ አንዳች ጉድለት ያገለገለ ጠባቂያችን ‹ወደቀ›። እናሰናብተው? ማሽኑንስ እንግዛ?»

ማሽኑን አይግዙ። ጠባቂውንም አያሰናብቱ።

በመጀመሪያ ፖሊግራፍ ውሸት አይለካም። ደረትና ሆድ ላይ የሚታሰሩት ሁለት ቱቦዎች አተነፋፈስን ይመዘግባሉ። ክንድ ላይ የሚጠመጠመው የግፊት መለኪያ የልብ ምትንና የደም ግፊት ለውጥን ይከታተላል። ጣት ላይ የሚደረጉት ትናንሽ መያዣዎች ደግሞ ቆዳ በላብ ምክንያት ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ሲለዋወጥ ያነባሉ። ማሽኑ የሚያውቀው ይህን ያህል ነው። ሰው ሲዋሽ ብቻ የሚታይ፣ ሲፈራ፣ ሲናደድ ወይም ሲያፍር የማይታይ የሰውነት ምልክት እስካሁን አልተገኘም። መስመሩ ሽቅብ ሲዘል የሚነግርዎ ሰውየው ያን ጥያቄ ሲሰማ ሰውነቱ መነቃነቁን ነው። ለምን ተነቃነቀ ለሚለው መልስ የሚሰጠው መርማሪው ነው፤ የሚሰጠውም በግምት ነው።

ግምቱ የቆመበትን መሠረት ማወቅ ለእርስዎ ጠባቂ ጉዳይ ቁልፍ ነው። በብዛት የሚሠራበት ዘዴ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ጎን ለጎን ያቀርባል። አንዱ ዋናው ጥያቄ ነው፤ «ከምትጠብቀው መጋዘን ዕቃ ወስደህ ታውቃለህ?» የሚል። ሌላው ማነጻጸሪያ ነው፤ «በሕይወትህ የሚያምንህን ሰው አታለህ ታውቃለህ?» ዓይነት፣ ማንም ሰው በሙሉ ልብ «በፍጹም» ሊለው የማይችለው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ንጹሕ ሰው ማነጻጸሪያው ይበልጥ ያስጨንቀዋል፤ ጥፋተኛ ዋናው ይበልጥ ያስጨንቀዋል ተብሎ ይታሰባል። የሁለቱ ምላሽ ይነጻጸርና ፍርድ ይሰጣል።

አሁን ራስዎን በጠባቂው ቦታ ያስቀምጡ። ስምንት ዓመት ስሙን ጠብቆ ኖሯል። አንድ ቀን ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ሽቦ አስረው፣ አለቆቹ ውጤት በሚጠብቁበት ሰዓት «ሰርቀህ ታውቃለህ?» ይሉታል። እንጀራው በዚያች አንዲት መልስ ላይ ተንጠልጥላለች። የትኛው ጥያቄ ልቡን ይመታዋል? ዋናው ነው። ለስሙ የሚጨነቅ ሰው በዚህ ዘዴ የመውደቅ አደጋው ከፍ ያለ ነው። ውሸት ሥራዬ ያለው ሰው ደግሞ ተረጋግቶ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ከዚያ ወረቀት ስለ ጠባቂው ታማኝነት የተማሩት ነገር የለም። ስምንት ዓመት የመዘገቡት ቆጠራ፣ የርክክብ መዝገብና የተረኛ ኃላፊዎች አስተያየት ግን በእጅዎ አለ። ማስረጃው እሱ ነው። ውጤቱን ከግል ማኅደሩ ያውጡ። ቀርበው ያነጋግሩት፤ በዚህ ምክንያት ምንም እርምጃ እንደማይወሰድበትም በጽሑፍ ይስጡት። ይህን ዛሬ ነገ አይበሉ። በጥርጣሬ ዓይን የሚታይ ጠባቂ ሥራው ላይ ልቡ አይኖርም፤ ባልደረቦቹም ነገሩን እያዩ ነው።

እዚህ ላይ «ታዲያ ጠቅላላው ነገር ከንቱ ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደለም፤ አጠቃቀሙ ላይ ግን ትልቅ ልዩነት አለ። የታወቀ ክስተት ሲኖር ነገሩ የተለየ ነው። ካዝናው ማክሰኞ ሌሊት ተከፍቷል፤ በዚያ ተራ የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው፤ ጥያቄው «ማክሰኞ ሌሊት ካዝናውን ከፍተሃል?» የሚል ይሆናል። ስለ ምን እንደሚጠየቅ ሁሉም ያውቃል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ፖሊግራፍ እንዲሁ በዕጣ ከመገመት በግልጽ እንደሚሻል፣ ከፍጹምነት ግን በብዙ እንደሚርቅ ጥናቶች ያሳያሉ። የሥራ አመልካች ላይ ግን የተፈጸመ ነገር የለም። የሚጠየቀው ስለ መላ ሕይወቱ ነው። «ከባድ ጥፋት ሠርተህ ታውቃለህ?» ሲባል አንዱ ከባድ የሚለውን ሌላው ቀላል ይለዋል። ከዚያም አልፎ ከዚህ መልስ ተነስቶ ነገ የሚያደርገውን መተንበይ ይፈለጋል። መሣሪያው በጣም ደካማ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ እርስዎ የሚገዙትም ለዚሁ ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ የምርምር ምክር ቤት ጉዳዩን መርምሮ በ2003 (እዚህ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው ሪፖርት የደረሰበት ይህ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኛ ደኅንነት ማጣሪያ ፖሊግራፍ ላይ እንዲደገፉ የሚያበቃ ትክክለኛነት የለውም ብሏል። ሪፖርቱ ያስቀመጠው ምሳሌ ደጋግሞ ሊነበብ የሚገባው ነው። 10,000 ሠራተኞች አሉ እንበል፤ ከእነዚህ 10ሩ ሰላዮች ናቸው። ምርመራው ብዙ ጥናቶች ከሚያሳዩት የተሻለ ነው ብለን እንውሰድ፤ ከሰላዮቹም 80 በመቶውን እንዲይዝ እናስተካክለው። 8 ሰላዮች ይያዛሉ። አብረዋቸው 1,598 ንጹሐን ይወድቃሉ። 2 ሰላዮች ያልፋሉ። ንጹሐንን ላለመጉዳት ማሽኑን ብናላላው ደግሞ የሚወድቁት ንጹሐን ወደ 39 ይወርዳሉ፤ ግን ከ10 ሰላዮች 8ቱ በሰላም ያልፋሉ። ወደ የትኛውም ጎን ቢጎትቱት ሌላው ጎን ይቀደዳል።

ይህን በራስዎ ቁጥር እንሥራው። የሻጩን 95 በመቶ ለጊዜው እንዳለ እንቀበል፤ እኔ ባልቀበለውም። ከ400 አመልካቾች ውስጥ 8ቱ በእርግጥ ሊሰርቁ የሚችሉ ናቸው እንበል። ከ8ቱ ማሽኑ 7 ወይም 8 ይይዛል። ቀሪዎቹ 392 ንጹሐን ናቸው፤ ከእነሱ 5 በመቶው፣ ማለትም ወደ 20 የሚሆኑት በስሕተት ይወድቃሉ። ከወደቁት 27 ሰዎች ከፊት ለፊትዎ የተቀመጠው አንዱ ንጹሕ የመሆን ዕድሉ ከአራት ሦስት ነው። «95 በመቶ ትክክል» የሚባለው ማሽን በእርስዎ ቢሮ የሚሰጠው ውጤት ይሄ ነው። ብዙ ኃላፊዎች «ከወደቀ 95 በመቶ ሌባ ነው» ብለው ያነቡታል። ከባዱ ስሕተት እዚያ ላይ ነው። የሚፈለገው ሰው ጥቂት በሆነ ቁጥር ከወደቁት መካከል የንጹሐኑ ድርሻ ይበዛል።

ነባሮቹን በየዓመቱ መመርመር ከዚህም ይብሳል። በሻጩ ቁጥር ራሱ፣ እያንዳንዱን ምርመራ ለብቻው እንደ አዲስ ዕጣ ከቆጠርነው፣ 10 ዓመት የሚያገለግል ንጹሕ ጠባቂ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመውደቅ ዕድሉ 40 በመቶ ይደርሳል። ረጅም ያገለገሉትን፣ ማለትም በጣም የሚፈልጓቸውን ሰዎች፣ አንድ በአንድ የሚያስወጣ አሠራር ነው የሚዘረጉት።

ወደ ሌላው ጎን ደግሞ እንይ። ያለፈ ሰው ታማኝ ነው ማለት ነው? አልድሪች ኤምስ የሲአይኤ ባልደረባ ነበር። ከ1985 ጀምሮ ለሶቪየት ኅብረት ምስጢር ሲሸጥ ቆየ። በ1986 እና በ1991 ፖሊግራፍ ተመርምሮ ሁለቱንም አለፈ። የተያዘው በ1994 ነው። አና ሞንቴስ በአሜሪካ የመከላከያ መረጃ ድርጅት የኩባ ጉዳይ ተንታኝ ነበረች፤ ለኩባ ትሰልል ነበር። በ1994 ፖሊግራፉን አልፋለች፤ የታሰረችው በ2001 ነው። ሁለቱም ያለፉት በገንዘብም በባለሙያም የማይታሙ ተቋማት ባካሄዱት ምርመራ ነው። «ማሽኑን አልፏል» የሚለው ማኅተም ሌሎች ምልክቶች እንዳይታዩ ይጋርዳል። የጥርጣሬ ዓይን ይከደናል። ለጥበቃ ሥራ ይህ ንጹሕ ሰው ከማጣት እኩል አደገኛ ነው።

ማሽኑን ማታለልም ይቻላል። በማነጻጸሪያው ጥያቄ ወቅት ሆን ብሎ ሰውነቱን ወይም ሐሳቡን የሚያስጨንቅ ሰው ውጤቱን ሊገለብጥ ይችላል። አጭር ሥልጠና ካገኙ የጥናት ተሳታፊዎች ግማሽ ያህሉ እንደተሳካላቸው የታዩ ሙከራዎች አሉ። ታዲያ አስቀድሞ የሚዘጋጀው ማን ነው? የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው።

«እንዲህ ከሆነ ትልልቆቹ የደኅንነት መሥሪያ ቤቶች ለምን አልተዉትም?» ብለው ቢጠይቁ ትክክል ነዎት። መልሱ የሚገኘው ክፍሉ ውስጥ ነው። ሥርዓት ባለው ምርመራ ሽቦው ከመታሰሩ በፊት ረጅም ቃለ ምልልስ አለ። ጥያቄዎቹ አንድ በአንድ ይነበባሉ፤ ተመርማሪው ያላለው ነገር ካለ አሁን እንዲናገር ይጋበዛል። ከዚያ ብዙ ጊዜ አንድ ትንሽ ሙከራ ይደረጋል። ተመርማሪው ቁጥር ይመርጣል፤ መርማሪው ቁጥሮቹን ሲጠራ ሁሉንም «አይደለም» ይላል፤ ከዚያ መርማሪው የተመረጠውን ቁጥር ያሳየዋል። ዓላማው ሰውየው «ይሄ ማሽን አይሸወድም» ብሎ እንዲያምን ነው። ዋናው ምዝገባ ካለቀ በኋላ መርማሪው ወንበሩን ጠጋ አድርጎ «እዚች ጥያቄ ላይ የሆነ ነገር አለ፤ ምን ነበር?» ይላል። ሰው የሚናገረው ያን ጊዜ ነው። መሥሪያ ቤቶቹ «ይሠራል» የሚሉት በአብዛኛው ይህን ኑዛዜ ነው። ኑዛዜው የመጣው መሣሪያው ውሸት ስለለየ ሳይሆን ሰውየው ይለያል ብሎ ስላመነ ነው።

ይሄም ቢሆን ዋጋ አለው የሚሉ አሉ። እኔ ግን በሥራ ቅጥር ላይ አልደግፈውም። የሚናዘዘው ብዙ ጊዜ የዋህ ነው። በልጅነቱ ያደረገውን፣ የትዳሩን ችግር፣ የጤናውን ጉዳይ ያወጣል፤ ያ ሁሉ ማኅደር ውስጥ ይገባል። ነገ በማን እጅ እንደሚወድቅ አይታወቅም። ደግሞም ለመቀጠር የሚለምን ሰው «ፈቅጄ ነው» ብሎ የሚፈርመው ፊርማ ምን ያህል ፈቃድ ነው? እምቢ ቢል ሥራው አይሰጠውም።

ሻጮች የሚያነሱት ሌላ ነገር «በአሜሪካ እንኳ ለጥበቃ ድርጅት ተፈቅዷል» የሚል ነው። እውነቱ ግማሽ ነው። በ1988 የወጣው የአሜሪካ ሕግ አብዛኞቹ የግል ቀጣሪዎች አመልካችንም ሆነ ሠራተኛን በፖሊግራፍ እንዳይመረምሩ ይከለክላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሕጉ አይመለከታቸውም። አንዳንድ የጥበቃና የጥሬ ገንዘብ ማጓጓዣ ድርጅቶች፣ እንዲሁም መድኃኒት የሚያመርቱና የሚያከፋፍሉ ድርጅቶች ለአመልካች እንዲጠቀሙ ተፈቅዶላቸዋል። ግን ለእነሱም ቢሆን ገደቡ ጥብቅ ነው። ውጤቱን ወይም ሰውየው እምቢ ማለቱን ብቻ ይዘው ቅጥር መከልከል አይችሉም። ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ዘር፣ ስለ ፖለቲካ አመለካከት፣ ስለ ወሲብ ሕይወትና ስለ ሠራተኛ ማኅበር መጠየቅ አይቻልም። አንድ ምርመራ ከ90 ደቂቃ ማነስ የለበትም፤ አንድ መርማሪም በቀን ከ5 በላይ መመርመር አይችልም። ሻጩ የነገረዎትን 20 ደቂቃ ከዚህ ጋር ያስተያዩት። በ20 ደቂቃ የሚያልቅ ነገር የማሽኑን ደጋፊዎች መለኪያ እንኳ አያሟላም።

ፍርድ ቤቶችም ቢሆኑ ከ1923 ጀምሮ ሲጠራጠሩት ኖረዋል። በዚያ ዓመት ዋሽንግተን ላይ በታየው የፍራይ መዝገብ የፖሊግራፍ ቀደምት የሆነው የደም ግፊት ምርመራ ማስረጃ እንዳይሆን ተደረገ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1987፣ የጀርመን ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደግሞ በ1998 ለወንጀል ችሎት ማስረጃ አይሆንም ብለዋል። በእርስዎ አገር ያለውን ሕግ የሠራተኛ ሕግ ጠበቃ ይመልከትልዎ። ሕግ ፈቀደ ማለት ግን መሣሪያው ይሠራል ማለት እንዳልሆነ ይያዙልኝ።

ፖሊግራፉን ሲተዉ «በድምፅ ውሸት የሚለይ ሶፍትዌር አለን፣ ርካሽ ነው» ይሉዎታል። ይህን ጭራሽ አይንኩት። በአሜሪካ እስረኞች ላይ በተደረገ የመስክ ጥናት፣ ስለ ዕፅ አጠቃቀማቸው ከዋሹት ውስጥ የድምፅ ሶፍትዌሮቹ የለዩት 15 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ዓይን ዓይኑን አይቶ ውሸታም እለያለሁ የሚል ጠያቂም አይመኑ። ብዙ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ሰው በዓይኑና በጆሮው ብቻ እውነትን ከውሸት የሚለየው 54 በመቶ ያህል ነው፤ ሳንቲም ከመወርወር ብዙም አይሻልም።

ለማሽኑ የያዙትን በጀት ሁለት ቦታ ያውሉት። አንዱ የኋላ ታሪክ ማጣራት ነው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ስለዚህም ይዘለላል። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሲቀርብ ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ አይደውሉ። የድርጅቱን ስልክ ራስዎ ፈልገው ይደውሉ። የቅርብ አለቃውን ያግኙና «ነገ ቢመጣ መልሰው ይቀጥሩት ነበር?» ብለው ይጠይቁ፤ ከዚያ ዝም ብለው ያዳምጡ። በሥራ ዘመኑ መካከል ክፍት የሆኑ ወራት ካሉ ምን ሲሠራ እንደነበር ይጠይቁና ያረጋግጡ። የትምህርት ማስረጃውን ከሰጠው ተቋም፣ የወንጀል መዝገቡን ሕግ በሚፈቅደው መንገድ ያጣሩ። ቃለ መጠይቁን ደግሞ ሥርዓት ያስይዙት። ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቅረብ፤ ሁለት ጠያቂዎች ሳይነጋገሩ ነጥብ ይስጡ፤ ከዚያ ያወዳድሩ። «ባልደረባህ በተራው ሰዓት ዕቃ ሲያወጣ ብታየው የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ምን ታደርጋለህ?» የሚል ጥያቄ ከማንኛውም ሽቦ ይበልጥ ይነግርዎታል። እንዲህ ያለ ቃለ መጠይቅ ወደፊት የሚታይ የሥራ ብቃትን በመተንበይ ረገድ ከተሻሉት ዘዴዎች አንዱ መሆኑ በደንብ የተጠና ነው።

ሁለተኛው፣ እኔ ይበልጥ የማምንበት፣ የሥራው አደረጃጀት ነው። ምንም ያህል ቢያጣሩ አንዳንድ መጥፎ ሰው ይገባል። ጥሩ ሆኖ ገብቶም በችግር የሚበላሽ አለ። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን ሊሰርቅ የማይችልበት ሥርዓት ያብጁ። ካዝናው በሁለት ሰው ቁልፍ ይከፈት። ቁልፍ ያዡና መዝገብ ያዡ አንድ ሰው አይሁኑ። ተራው ይቀያየር፤ ሁለት ሰዎች ለወራት ተጣምረው አይቆዩ። ቆጠራ በማይጠበቅ ቀን ይካሄድ። ሁሉም ጠባቂ የዓመት ዕረፍቱን ሳይቆራርጥ ይውሰድ፤ ሥራውን በምትክነት የሚይዘው ሌላ ሰው ያኔ ጉድለት ካለ ያገኘዋል። ጉድለት የሚያይ ሠራተኛ ሳይፈራ የሚጠቁምበት መንገድ ይኑር። ደመወዝ በቀኑ ይከፈል። ከሁሉ የሚረሳው ይሄኛው ነው፤ ሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ሰው በጥሬ ገንዘብ ፊት ማቆም ፈተናውን ራስዎ እንደመፍጠር ነው።

ደንበኛዎ ወይም የበላይ አካል «የግድ ይመርመሩ» ብሎ ቢያስገድድዎ ጉዳቱን የሚቀንሱ ሁኔታዎችን ከመጀመሪያው በጽሑፍ ያስገቡ። ምርመራው የሚደረገው በማጣሪያው መጨረሻ፣ ለጥቂቶች፣ ለተለየ የሥራ ቦታ ብቻ ይሁን። ጥያቄዎቹ ከሥራው ጋር በቀጥታ የተያያዙ ሆነው ለተመርማሪው ቀድመው ይሰጡት። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ወይም የግፊት ሕመምተኛ፣ በቅርቡ ሐዘን የደረሰበት፣ ሌሊቱን ተረኛ ሆኖ ያደረ ሰው አይመርመር። ምዝገባውን የመጀመሪያውን ውሳኔ ያላየ ሁለተኛ መርማሪ ለብቻው ያንብበው፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ውጤት የለም። መውደቅ ተጨማሪ ማጣራት እንዲደረግ ብቻ ምክንያት ይሁን፤ በተጨማሪው ማጣራት ምንም ካልተገኘ ሰውየው እንዳለፈ ይቆጠር። በምርመራው ክፍል የተነገረ የግል ጉዳይ ከሥራው ጋር ካልተያያዘ አይመዝገብ። ወረቀቱ የሚጠፋበት ቀንም ውሉ ውስጥ ይጻፍ።